የእትዬ ብርቄ ሠላሳ ደቂቃ

ከድር ስልክ ሲደውል ሰላምታ ያበዛል። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ፣ አዳማ ላይ ዝናብ ጥሎ እንደሆነ ሳይጠይቅ ወደ ጉዳዩ አይገባም። ባለፈው መጋቢት የደወለ ዕለት ግን "አካም ጅርታ" እንኳ ሳይለኝ፣ "አዴ ብርቄ አረፈች" አለኝ፤ እትዬ ብርቄን አዴ ነው የሚላት። ትንሽ ቆየና፣ "ትናንት ቀበርናት። ከትናንት ወዲያ ብፈልግህ አጣሁህ" ሲል ጨመረ። እኔ ስልክ የማይሠራበት ቆላ ለመስክ ሥራ ወርጄ ነበር። ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩት አላስታውስም።

ከድር ሮቤ አውሮፕላን ማረፊያ በር ጠባቂ ነበር፤ ብርቄ የሬዲዮ ሠራተኛ፤ እኔ ደግሞ የአየር ጠባይ መዝጋቢ። ከደሴ ተመድቤ ስመጣ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ እሷ ሃምሳን ተሻግራለች። በመጀመሪያው ሳምንት፣ እንደ አስተዳደጌ፣ አንቱ አልኳት። እስክጨርስ ጠብቃ፣ "አንቱ ስትለኝ በሬዲዮ የምታናግረኝ ይመስለኛል። እትዬ በለኝና ይበቃኛል" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ብርቄ እያልኩ አንቺ እላት ነበር።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግሯ የተቆጠበ ሴት ነበረች። ጥቁር ሰማያዊ ሹራብ በላዩ ላይ ነጠላ፣ በግራ እጇ የወንድ ሰዓት። የሰዓቱን ፊት ወደ መዳፏ በኩል አዙራ ነበር የምታስረው፤ የሬዲዮውን መናገሪያ እንደያዘች ሰዓቱን ለማየት እንዲመቻት። የተወለደችው ከማረፊያው ማዶ ካለው መንደር ነው። አባቷ በልጅነቷ ሲሞት አጎቷ ጋሽ ተሰማ ወሰዳት። ሰኞ ማለዳ በፈረስ ጎባ አድርሷት፣ ዓርብ ማታ በፈረስ እየመለሳት ነው ትምህርቷን የጨረሰችው። አዲስ አበባ ሠልጥና ሌላ ቦታ ስትመደብ፣ ሮቤ ካልሆነ ብላ ሁለት ዓመት ደብዳቤ ጽፋ እንደተመለሰች ከድር ነግሮኛል። እሷ ስለ ራሷ አታወራም ነበር።

ወደ ማረፊያው በቀን አንድ፣ ሲበዛ ሁለት አውሮፕላን ነው የሚመጣው። ለዚያ ለአንዱ ከምድር የሚመልስለት ድምፅ የእሷ ነበር። አብራሪው ደመና ውስጥ ሆኖ ነፋሱ ከየት እንደሆነ፣ ደመናው ምን ያህል ዝቅ እንዳለ፣ መንደርደሪያው ላይ ከብት ይኑር አይኑር ይጠይቃታል። ስትመልስለት ያለችውን ይደግምላታል፤ እሷም እሱ ያለውን ትደግማለች። ነገር በትክክል መሰማቱ የሚታወቀው በዚያ ነው፤ የሙያው ሕግ ነው። እትዬ ብርቄ ግን ይህን ሕግ ከሥራ አውጥታ ኑሮዋ ሁሉ ላይ አውላው ነበር። ገበያ ወጥታ ገብስ ስትገዛ፣ ሻጩ በኦሮምኛ የነገራትን መስፈሪያና ዋጋ መልሳ ትነግረዋለች። ሰው ሐዘኑን ሲያጫውታት እንኳ መጨረሻ ላይ፣ "እንዲህ ነው ያልከኝ?" ብላ በአጭሩ ትደግምለታለች። ገብስ ሻጮቹ "ደጋሚዋ" ብለው ስም አውጥተውላት ነበር። ይስቁባታል፤ ግን ከእሷ ጋር የተጣላ ሻጭ አላየሁም።

እኔን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀጣችኝ። የኅዳር ብርድ ነበር። ውጭ ወጥቼ ደመናውን ማየት ሲገባኝ በመስታወት አጮልቄ፣ የቀደመውን ሰዓት ቁጥር ደግሜ ጻፍኩና ሰጠኋት። ወጥቼ አይቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አዎ አልኳት። ጫማዬን አየች። ሣሩ ውርጭ ተጋግሮበታል፤ የእኔ ጫማ ደረቅ ነው። ለኃላፊው አልተናገረችም። ነጠላዋን ተከናንባ ተነሣች፣ ተከተለኝ አለች፣ ሜዳው መሃል አቁማኝ ወደ ጎባ ተራሮች እንድመለከት አደረገችኝ። ደመናው ከጻፍኩት በግማሽ ዝቅ ብሎ ነበር። ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ድረስ አብራኝ ቆመች።

"ይህን ቁጥር አብራሪው ዓይኑን ጨፍኖ ይረግጠዋል" አለችኝ። "መሬት አለ ብለህ ከነገርከው፣ መሬት መኖር አለበት።"

ወደ ሬዲዮው ክፍል ወጥተን ቁጥሩን አስተካከልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያላየሁትን ደመና ጽፌ አላውቅም።

ሰዎች እሷን በዚህ አያስታውሷትም። ሮቤ ላይ ስሟ ሲነሣ የሚነሣው የጋሽ ተሰማ ቀብር ቀን ነው፤ እኔም የምጽፈው በዋናነት ስለዚያ ቀን ነው።

ጋሽ ተሰማ ያረፈው በነሐሴ ነበር። መንደሩ ከማረፊያው ማዶ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከእኛ ወገን በጎባ መንገድ በኩል ነው። በመንገድ ከዞሩ ወንዙን በድልድይ ተሻግሮ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል፤ በነሐሴ ጭቃ ደግሞ አስከሬን ተሸክሞ አይታሰብም። ሜዳው ግጦሽ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ የመንደሩ ሰው አቋራጭ በማረፊያው ላይ ነው። አጥር ከታጠረ ወዲህም ለቀብርና ለንግሥ፣ አውሮፕላን በሌለበት ሰዓት ከድር በሩን ይከፍትላቸው ነበር። ለመክፈት ግን አስቀድሞ እትዬ ብርቄን ይጠይቃል።

ያን ቀን በሩ የሚከፈተው ለአጎቷ ነበር። ሌሊቱን ከቤተሰቡ ጋር አልቅሳ ነው ያነጋችው። ተለዋጭዋ አዲስ አበባ ለሕክምና ሄዶ ስለነበር ጠዋት ሥራ ገባች። አውሮፕላኑ በአራት ሰዓት መጥቶ አራት ተኩል ላይ ይነሣል፤ እነሱ በአምስት ሰዓት ይሻገራሉ፤ እሷም በሩ ላይ ተቀላቅላቸው ወደ ቀብር ትሄዳለች። እንዲህ ነበር የተነጋገሩት። አውሮፕላኑ ግን ከአዲስ አበባ ዘግይቶ ተነሣ። እንዲቆዩ ከድርን ላከችባቸው፤ እሱ ሲደርስ ካህናቱም ፈረሰኞቹም ከቤት ወጥተው መንገድ ጀምረዋል።

አብራሪው ጠራት። ሮቤ አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ እንደሚደርስ ነገራት፤ ደገመችለት። ስለ ነፋሱ መጠየቅ ሲጀምር ሬዲዮው ተንኮሻኮሸና ጸጥ አለ።

ሦስት ጊዜ ጠራችው። መልስ የለም። ሁለተኛውን ሬዲዮ አበራች፣ በእጅ የሚያዘውንም ሞከረች፤ የእኛ ሁሉም ደህና ነው። አዲስ አበባ ስልክ ደወለች፤ እነሱም አጥተውታል። ስልኩን አስቀምጣ መናገሪያውን አነሣችና ማንም ሳይመልስላት መናገር ጀመረች፤ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የደመናውን ከፍታ፣ መንደርደሪያው ነፃ መሆኑን። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደገመችው፤ ከዚያም እንደገና። ለማን እንደምታወራ ጠየቅኳት። "ጆሮው ደህና ሆኖ አፉ ብቻ ተይዞ ሊሆን ይችላል" አለችኝ።

ሬዲዮው ስለተበላሸበት አብራሪ ሕጉ ምን እንደሚል የነገረችኝ ያኔ ነው። ደመና ውስጥ ከሆነ የመጨረሻ የተስማማበትን መንገድ ይዞ ይቀጥላል። እደርሳለሁ ባለበት ሰዓት ማረፊያው አናት ላይ ደርሶ መውረድ ይጀምራል። ከዚያ ሰዓት በኋላ ያለው ሠላሳ ደቂቃ የእሱ ነው። ሊመጣ የሚችለው በዚያ ውስጥ ነውና ሜዳው ባዶ ሆኖ ሊጠብቀው ይገባል።

አምስት ሰዓት ከአምስት ሲሆን ለቅሶው ተሰማ። በመስታወቱ ስናይ ሕዝቡ ከማዶ ወደ በሩ ይወርዳል፤ ፊት ፈረሰኞች፣ ቀጥሎ ጥላ የያዙ ካህናት፣ ከኋላቸው አስከሬኑ። ሦስት መቶ ሰው ይሆናል። እትዬ ብርቄ ሰዓቷን አየች፣ ለስልኩ የማረፊያውን ጸሐፊ አስቀመጠች፣ ሬዲዮ ለሌለው አብራሪ ምልክት የሚሰጥበትን ትልቁን የእጅ መብራት ከግድግዳው አወረደች። ባትሪው ከባድ ነበር። "አንተ ባትሪውን ያዝ" አለችኝ፤ ወረድን።

በሩ ጋ ስንደርስ ከድር ቁልፉን በእጁ ይዞ፣ ከአጥሩ ማዶ ከሕዝቡ ጋር ጨንቆት ቆሟል። አትክፈት አለችው። ካፊያ ጀምሮ ነበር። ለፊተኞቹ ካህናት አንድ አውሮፕላን ድምፁ እንደጠፋ፣ እስከ አምስት ከአርባ መጠበቅ እንዳለባቸው ነገረቻቸው። ተሸካሚዎቹ ጥቂት ቆመው ሲደክማቸው ጋቢ አንጥፈው ሣጥኑን ሣሩ ላይ አሳረፉ። የጋሽ ተሰማ ባለቤት እማማ ዘውዲቱ፣ ብርቄን እንደ ልጃቸው ያሳደጉት ሴት፣ ከሣጥኑ አጠገብ እርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ አሉ። እሷ ከአጥሩ ወዲህ ቆማ ፊቷን ወደ ሰማዩ አዞረች።

የማረፊያው ኃላፊ እየሮጠ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። አዲስ አበባ ደውሎ ያነጋገረው ሰው፣ አውሮፕላኑ ሳይመለስ አይቀርም ብሎታል።

"ተመልሷል እያሉ ነው፤ ይለፉ" አላት።

"ማን አየው?"

"ያየውስ የለም። ግን በዚህ ደመና..."

"ያየው ከሌለ እየመጣ ነው።"

ለመሻገር አሥር ደቂቃ እንደማይፈጅባቸው ነገራት። አሥሩ ደቂቃ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ካለ እንደምትከፍት መለሰችለት። ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ ሲላት፣ በጽሑፍ እንዲሰጣት ጠየቀችው። ኪሱ ውስጥ እስክሪብቶ ነበረው፤ አላወጣውም። ግን ጥሎን አልሄደም፤ እስከ መጨረሻው አጠገባችን ዝናብ ላይ ቆመ።

አምስት ሰዓት ከሃያ። ሰማዩ ዝም ብሏል። ከሕዝቡ ውስጥ ማጉረምረም ተነሣ። የሟች ታላቅ ልጅ ጌታሁን ከፈረሱ ወርዶ አጥሩ ድረስ መጣ። ከብርቄ ጋር በአንድ ቤት፣ በአንድ ገበታ ያደጉ ናቸው።

"መሬት ላይ ያለው አባቴ ነው" አላት። ድምፁን ከፍ አላደረገም። "በፈረስ ጎባ ያመላለሰሽ ሰው። ጭቃ ላይ አስተኝተሽዋል።"

እሷ አልዞረችም። "አውቃለሁ ጌታሁን። እስከ አምስት ከአርባ ግን ማንም አይሻገርም።"

ቁልፉን ከከድር ሊቀማ እጁን ሰደደ። ከድር ቁልፉን በአጥሩ ላይ ለእሷ ወረወረላት፤ አንሥታ ሹራቧ ውስጥ ከተተችው። ጌታሁን ለረጅም ጊዜ ጀርባዋን እያየ ቆሞ ወደ እናቱ ተመለሰ።

ስለ ራሴ እውነቱን ልናገር። አምስት ተኩል ሲሆን እኔም ተመልሷል ብዬ አምኛለሁ። ባትሪው ክንዴን ገንጥሎታል፤ እማማ ዘውዲቱን ማየት አቅቶኛል። እትዬ ብርቄ፣ በቃ እንክፈት ልላት አፌን ከፈትኩ። ፊቷን ሳየው ተውኩት። ዝናቡና እንባው ተቀላቅለው አገጯ ላይ ይንጠባጠቡ ነበር፤ ዓይኖቿ ግን ከደመናው አልተነቀሉም።

መጀመሪያ የሰማው ከድር ነው። "ዱፋ ጅራ" አለ ቀስ ብሎ፤ እየመጣ ነው። እኛ አልሰማንም። ፈረሶቹ ጆሯቸውን አቆሙ። ከዚያ በስንዴው ማሳ በኩል፣ አይቼው በማላውቀው ዝቅታ፣ አውሮፕላኑ ከደመናው ሥር ወጣ። በላያችን ሲያልፍ እትዬ ብርቄ መብራቱን በሁለት እጇ አንሥታ አረንጓዴውን አበራችለት፤ ማረፍ ትችላለህ ማለት ነው። አውሮፕላኑ ክንፉን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ነቀነቀ። አይቶናል። ፈረሶቹ ደነበሩ፣ ሰዎች ልጓም ላይ ተንጠለጠሉ። ዞሮ መጣና፣ አስከሬኑ ይሻገርበት በነበረው መንደርደሪያ ላይ ውኃውን እየረጨ አረፈ።

አሮጊቶቹ አማተቡ። አንድ ቄስ ቆባቸውን አውልቀው ዝናቡ ውስጥ ቆሙ። አውሮፕላኑ ጥጉን ይዞ ሞተሩ እስኪጠፋ እትዬ ብርቄ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ከዚያ ቁልፉን ለከድር ሰጠችው። ሣጥኑ ሲያልፍ መሬት እስክትነካ ጎንበስ አለች። ከቤተሰቡ ማንም ቀና ብሎ አላያትም።

ዋና አብራሪው ሽበታም ሰው ነበር። ወደ ክፍላችን ወጥቶ መጣ። ኤሌክትሪኩ ተበላሽቶ ሁለቱም ሬዲዮዎቹ በአንድ ጊዜ እንደሞቱበት፣ ምንም እንዳልሰማ፣ ከኋላው ያለው ሰማይ ስለተዘጋ መመለስ እንዳልቻለ ነገረን። ከደመናው ሲወጣ ሕዝቡንና ፈረሶቹን አይቶ መንደርደሪያው ላይ ያሉ መስሎት ነበር። ቢሆኑ ኖሮ እንደገና ደመናው ውስጥ መግባት ነበረበት፤ ከተራሮቹ ጋር። ይህን ሲናገር ቁጭ አለ። ቆይቶ፣ እንደምመጣ እንዴት አወቁ ሲል ጠየቃት።

"እመጣለሁ ብለው ነበር" አለችው። "አልመጣም አላሉም።"

ወዲያው አስፈቅዳ ወደ ቀብሩ ሄደች። ስትደርስ አፈር እየተመለሰ ነበር። ከኋላ ቆመች። ከቀብር መልስ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ጌታሁን፣ እዚህ ቦታ የለሽም አላት። እሷም ደገመችው፤ "ቦታ የለሽም ነው ያልከኝ?" አዎ አላት። ወጥታ ሄደች። ይህን የነገረኝ እዚያ የነበረ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት የምስጋና ደብዳቤ መጣላት፤ አንብባ መሳቢያ ውስጥ አስገባችው። ሥራዋን እንደ ወትሮው ትሠራለች። ከማዶ መንደር የሚመጣ ሰው ግን ሰላም አይላትም። በአርባኛው ቀን ተዝካር አልተጠራችም። ከተዝካሩ በኋላ በነበረው እሑድ እኔን፣ ከድርንና ቆባቸውን ያወለቁትን ቄስ ጠራችን፤ ሽማግሌ ሆናችሁ አብራችሁኝ ሂዱ አለችን። ይቅርታ ልትጠይቅ ነው።

መንገድ ላይ አላስችል አለኝ። አውሮፕላኑ ውስጥ የነበረ አርባ ሦስት ነፍስ ያተረፈች ሰው ለምን ይቅርታ እንደምትጠይቅ፣ ትክክል አልነበርሽም ወይ ብዬ ሞገትኳት።

"ትክክል ነበርኩ" አለችኝ። "ሐዘንተኛም አዋርጃለሁ። አንዱ ሌላውን አያጠፋውም።"

እደጃፋቸው ስንደርስ ከአጥር ሥር ድንጋይ አንሥታ ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ አንገቷን ደፍታ በሩ ላይ ቆመች። ጌታሁን ብቅ ብሎ አያትና ወደ ውስጥ ተመለሰ። ቄሱ ጥቂት ተናገሩ። እማማ ዘውዲቱ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጥቁር ለብሰው ከበፊቱ አንሰዋል። ቀና ብለው አዩዋት። ድንጋዩ ከብዷት በሁለት እጇ ደገፈችው።

"ማስቆምሽን አልተቀየምኩም" አሉ በመጨረሻ። "አውሮፕላኑን በዓይኔ አይቼዋለሁ። እኔን የገደለኝ ሌላ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ጀርባሽን ሰጥተሽን ቆምሽ። አንዴ እንኳ ዞር ብለሽ አላየሽንም።"

ሰው የነገራትን የምትደግም ሴት ያን ቀን አልደገመችም።

"ፊቴን ባዞር ኖሮ፣ እማማ፣" አለች፣ "በሩን እከፍትላችሁ ነበር።"

አሮጊቷ ለመነሣት ሞከሩ። ከድር ሊደግፋቸው ሲል በእጃቸው ከለከሉት። መደቡን ተደግፈው ተነሥተው በሩ ድረስ መጡ፤ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ከትከሻዋ አንሥተው መሬት ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ራሷን ወደ ደረታቸው ሳቡት።

ከጓዳ ጌታሁን ሲያለቅስ ተሰማ። እሷም በቀብሩ ቀን ያልደረሰላትን የአጎቷን ልቅሶ ያኔ አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ፣ ስሙን እየጠራች፣ በፈረስ ስላደረሳት ስለ ሰኞ ማለዳው፣ ስለ መለሳት ስለ ዓርብ ማታው እያነሣች። እኔ፣ ከድርና ቄሱ ወጥተን ደጅ ተቀመጥን፤ ልቅሶው እስኪያበቃ ድረስ ጠበቅናት።